አውራ ጣት

ቫልፓራይሶ ላይ ገና፣ ከነሐሩሩ ነው የሚመጣ፤
ጥዱ ላይ የነሰነስነው በረዶ፣ ከትራስ ሆድ የወጣ
ጥጥ ነው። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሰነበተ። በከረባት ታንቄ
ስልክ እሸጣለሁ እኔ፣ የሁሉን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃል አውቄ፤
የካሜራውን ዓይን፣ ስንት ሺህ ፎቶ እንደሚችል ሆዱ፣
ስንት ሰዓት እንደሚጾም፣ ሳይነካው የቻርጀር ገመዱ።

ሰኞ ማታ፣ ልንዘጋ ስንል፣ አንዲት ሴት በሩን ገፋች፤
ከእሷ ቀድሞ የዓሣ ሽታ ገባ። እጇን ሁለቴ በጉርዷ አበሰች።
«ለአባቴ፣ ለገና። ጥሩውን አሳየኝ፤ ግን አትዋሸኝ።»
ሁለቱን ተቀናቃኞች አወጣሁ፤ ልቤ ኮሚሽን ኮሚሽን አለኝ።
«ጥቁሩ ባለ ሦስት ዓይን ነው፤ ጨረቃን አቅርቦ ያነሣል፤
ሰማያዊው ርካሽ ነው፣ ወፈር ያለ፤ ወድቆም ይነሣል።»
«ጨረቃ ምን ያደርግለታል? አባቴ ጨረቃን ጠግቧል፤
መረቡን ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሷ ብርሃን ስቧል።»

ማክሰኞ ተመለሰች፣ የዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ይዛ፣
የሰፈሩን ምክር ሁሉ በእርሳስ አስፍራ፣ ተክዛ።
የእህቷ ባል «ጥቁሩን!» ብሏል፤ የሰው ኪስ ለሱ አይከብደው፤
ፀጉር ሠሪዋ ዙሌማ፦ «ሰማያዊ፤ ቀለሙን ነው የምወደው»፤
ቄሱ «ሁለቱም ከንቱ!» አሉና፣ ጠርተዋት ደግሞ ለብቻ
«ለመሆኑ ጥቁሩ ስንት ነው?» አሏት፣ ለማወቅ ያህል ብቻ።
እኔም ቁጥሬን ዘረገፍኩላት፤ አንዴም አላቋረጠችኝ፤
ሚዛን እንደሚሰርቅ ነጋዴ፣ አፌን ትታ እጄን አየችኝ።

ሐሙስ ነው ጉዱ የወጣው። «ይኼ በምንድን ነው የሚከፈት?»
«በአውራ ጣት» አልኳት በኩራት፤ «አስነኪው፣ ያውቅሻል በቅጽበት።»
ጣቷን አሳረፈች። ጥቁሩ ተንቀጠቀጠ፦ «አላወቅኩም።»
ጠርጋ ደገመች። «ጣትዎን ያስተካክሉ።» ሰማያዊውም፦ «አላወቅኩም።»

እጇን መብራት ሥር ዘረጋችልኝ። ልሙጥ ነው የጣቷ ጫፉ፤
መስመሮቹን ጨውና ቢላዋ፣ ቅርፊትና በረዶ ገፈፉ።
«የኔ የሃያ ዓመት ሥራ ነው። የአባቴማ ጭራሽ የለም፤
መታወቂያ ቢሮ ሦስቴ አተሙት፤ የወጣው ድፍን ቀለም።»
«ፊት የሚያነብም አለ» አልኩ። «ፊቱን ማን ያገኘዋል?
ሌሊት አሥር ሰዓት ይወጣል፤ ሻርቡ እስከ ዓይኑ ይሸፍነዋል።»

ዝም አልኩ። ካጠናሁት ቁጥር ለዚህ የሚሆን አንድ ጠፋ።
ሰማያዊውን አንሥታ መዘነች፣ እንደ ዓሣ በእጇ አገላብጣ።
«መብራት አለው?» አበራሁላት። ግድግዳው ላይ ጥላችን ዘለለ።
«ቁልፍ አታድርግበት» አለች፣ ቆጥራ እየከፈለች ዋጋ፤
«ክፍት ይሁን። የቤታችንም በር ከድሮም አይዘጋ።»

የዋስትናው ወረቀት ላይ፦ ኤርሚንዳ ሌቪኮይ፤ ሥራ፦ ዓሣ ነጋዴ።
ፊርማዋ ቀጥ ያለ ነው። አላውቅም ለምን ባባ ሆዴ።
ከሰማያዊው የደረሰኝ ድርሻ ሁለት ኤምፓናዳ ገዛልኝ፤
አንዱን በላሁ፤ አንዱን የዳገቱ ውሻ ነጠቀኝ።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን እናቴ ዓሣ ግዛ ብላ ላከችኝ፤
ጎህ ሳይቀድ ወደብ ወረድኩ፤ ጉሙ የገዛ እግሬን ደበቀኝ።
ሽማግሌው እዚያ ቆመዋል፣ ሻርባቸው እስከ ዓይናቸው፣
ሰማያዊው ስልክ በሲባጎ ታስሮ ከአንገታቸው።
የዓሣውን መተንፈሻ ገልጠው፣ በስልኩ መብራት አዩና
«ተመልከት» አሉኝ፣ «እንዴት እንደቀላ! ትኩስ ነው ገና።»
«ካሜራውስ እንዴት ነው?» አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ ያው።
«አለው እንዴ?» አሉና ወደ ሚዛኑ ዞሩ። ዓሣው
ከብዶ ነበር። መልሴን ሲሰጡኝ፣ በዚያ በለሰለሰ
አውራ ጣት ሳንቲሙን በጨለማ ዳስሰው ቆጠሩ፤ አንድም አላነሰ።